ያልከፈትኩት ጣሳ

ጥር ሃያ ስምንት ቀን ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከገዳሪፍ የተነሡ ሦስት ሎሪዎች በመፋዛና በሀዋታ መካከል ወዳለው የስደተኞች ሰፈር ገቡ። ሁለቱ ዱቄት ጭነዋል። ሦስተኛው ከቻይና የመጣ የታሸገ ምግብ ጭኗል። ዕለቱ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነበር።

ይህን የገለበጥኩት ከድሮ የማስታወሻ ደብተሬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባለፈው ወር አንድ የጥናት ማኅበር ደውሎ፣ እያደገ የመጣ ኃያል መንግሥት በዓለም ሥርዓት ውስጥ ስላለው ሚና ሃያ ደቂቃ እንድናገር ጠየቀኝ። «ከርስዎ የበለጠ ያየ የለም» አለኝ የደወለው ልጅ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ሳነበው ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት እንጂ እኔ ያየሁት አልነበረም። ቀደድኩት። ይቅርታ ጠይቄ ቀረሁ። ስለ ቻይና በዓይኔ አይቼ በእጄ ነክቼ የማውቀው ነገር የሚጀምረው ከዚያ ሦስተኛ ሎሪ ነው። የሚጀምረውም በስሕተት ነው።

ገዳሪፍ የገባሁት ከጎንደር ሸሽቼ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ በሰሊጥ ገበያ ሚዛን ላይ ቆሜ ሠራሁ። ከዚያ የአንድ የውጭ አገር ራዲዮ የአማርኛ ክፍል በድንበር አካባቢ ወሬ የሚልክለት ሰው ሲፈልግ፣ እጄን ይዘው ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ኡስታዝ ኢድሪስ ናቸው። ደመወዙ በየሦስት ወሩ ይመጣል ይባል ነበር፤ ሲመጣ ይመጣል።

ኡስታዝ ኢድሪስ ለኻርቱም ጋዜጣ ይጽፉ የነበሩ ሱዳናዊ ናቸው። ያደጉት ገላባት ነው፤ አማርኛቸው የመተማ አማርኛ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የታጠበ ጀለቢያ የሚለብሱ ሰው። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ሐበሺ» ነው የሚሉኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ በቃል ሳይሆን በልማዳቸው ነው።

የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ ቀለም በክረምት ይፈሳል። የደብተራቸውን ገጽ ለሁለት ያጥፉታል። በቀኝ በኩል ያዩትን፣ በግራ በኩል የሰሙትን ይጽፋሉ። በግራ ያለ ነገር ወደ ቀኝ የሚሻገረው እጃቸው ከነካው ብቻ ነው። መጋዘን ሲገቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ጆንያው ውስጥ ይከታሉ። «ላዩ ስንዴ ነው» ይላሉ፤ «እስቲ ታቹን እንጠይቀው።» ሰዓት ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ አንዱን በነሱ፣ አንዱን በኛ አቆጣጠር። አንድ ሰው የነገራቸውን ነገር ሊሰናበቱ ሲነሡ፣ ቆመው፣ እንደ ዘበት አድርገው እንደገና ይጠይቁታል። ተቀምጦ የዋሸ ሰው ቆሞ ሲጠየቅ ይረሳል ይሉ ነበር።

እኔም ደብተሬን ለሁለት አጠፍ ነበር። ክንዴንም ጆንያ ውስጥ እከት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ማስተካከያ አልተነገረብኝም። ይህን የምጽፈው ለኩራት አይደለም፤ በዚያ ሰፈር ቃሌ ለምን ያን ያህል እንደታመነ እንዲታወቅ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋና ከመተማ ቆላ ለማሽላና ለሰሊጥ አጨዳ የተሻገሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በዚያ ዓመት ዝናቡ እዚህም ቀረ። የሚታጨድ ጠፋ። ሊመለሱ ሲሉ አገር ቤት የባሰ ሆነ፤ ጭራሽ ቤተሰቦቻቸው ተከትለዋቸው መጡ። ቄስ ዋኘው ከነዚህ አንዱ ናቸው። በአገራቸው ደብር ነበራቸው፤ እዚህ ከአንድ ግራር ሥር ጸሎት ያደርሳሉ፣ ንስሐ ይሰጣሉ፣ ሙት ይፈታሉ። ባለቤታቸው እማማ ጠጂቱ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ቀልድ የሚወዱ፣ በዚያ ወራት ግን ከሰውነታቸው ዓይናቸው ብቻ የቀረ ሴት ነበሩ። የክሊኒኩ ነርስ ገንፎ ብቻውን እንደማያነሣቸው፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ካገኙ እንደሚያገግሙ ነግሯቸዋል። እንቁላል የሚባል ነገር በሰፈሩ አልነበረም።

ሎሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ነበር ግርግሩ የተጀመረው። የመጋዘኑ ኃላፊ በሺር የሚባል የሀዋታ ሰው ነው። ዋዜማውን ለሰዉ «ነገ ሲኒ ይመጣል» ብሎ ተናገረ። በአረብኛ ሲኒ ማለት የቻይና ማለት ነው። ሴቶቹ በአማርኛ ሰሙት። በማግስቱ ሎሪው ሲራገፍ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ቡና መጠጫ ሊቀበሉ ተሰልፈው አገኘኋቸው።

«የታል ሲኒው?» አለች አንዷ።

«ይሄው፣ ሲኒ» አለ በሺር፣ ካርቶን ቀድዶ ጣሳ እያሳየ።

«ይሄማ ጣሳ ነው።»

«ሲኒ ጣሳ!»

«ሲኒ ነው ወይስ ጣሳ? ሰውዬው አንዱን ምረጥ እንጂ።»

እማማ ጠጂቱ ከሰልፉ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ተዉት፤ ቡናው ሲመጣ ደግሞ በጆንያ ይጠጣል» አሉ። የሳቁት ሁሉ በቀልዱ ብቻ የሳቁ አይመስለኝም፤ ሳቅ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር።

ጣሳው መዳፍ የምታህል፣ አመድማ፣ ምንም ሥዕል የሌለባት ነች። ክዳኗ ላይ በቻይና ፊደል የሆነ ነገር ተረግጦበታል። በሺር የያዘው የጭነት ወረቀት «የታሸገ ምግብ» ይላል፤ ሌላ አይልም።

«ምንድን ነው ውስጡ?» አልኩት።

«ላህማ» አለ። ሥጋ ማለቱ ነው።

«አይተሃል?»

«ሹፌሩ ነው ያለኝ። እንክፈተው?» ብሎ ከኪሱ ሰንጢ አወጣ።

ይህንን ነው አርባ ዓመት ሙሉ የማስታውሰው። ሰንጢውን በቀኝ እጁ፣ ጣሳውን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል። እኔ ነነዌን እየጾምኩ ነበር። ቤተሰቤ ሦስቱን ቀን ቀጥ አድርጎ የሚጾም ነው፤ በስደትም ያልተውኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። በጾም ቀን፣ በጧት፣ የሥጋ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም።

«ጾም ነኝ» አልኩ። «ተወው።»

በሺር ትከሻውን ነቅንቆ ሰንጢውን አጠፈ። ደብተሬን አወጣሁና በቀኝ በኩል ጻፍኩ፦ የታሸገ ሥጋ፣ አንድ ሎሪ፣ ከቻይና። ያላየሁትን ካየሁት ጋር ጻፍኩት። ጣሳውን በእጄ ይዤው ስለነበር ያየሁት መስሎኝ ነው።

በሰፈሩም አንድም ሰው አልከፈተም። ክርስቲያኑ ጾም ላይ ነው። በሺር ደግሞ የማያውቀው አገር ሥጋ አሳማ ቢሆንስ ብሎ ፈርቷል። ጣሳዎቹ ለየቤቱ ሁለት ሁለት ታደሉ፤ እስከ ሐሙስ ይቆያሉ ተባለ።

ከሎሪው ኋላ በአንዲት ጂፕ አራት ቻይናውያን መጥተዋል። ሁለቱ ሐኪሞች፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ አስተርጓሚ። አስተርጓሚው ዋንግ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ አረብኛውን ኻርቱም ነው የተማረው፣ ከኔ ይሻላል። በራዲዮው አለቃዬ ትእዛዝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አገሩ መንግሥት ነው። አለቃዬን በስልክ ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቀውም። «ኃያላን» የሚለውን ቃል ይወድ ነበር። አሜሪካ ከወዲህ ስንዴ እያወረደች፣ ሩሲያ ከወዲያ በአውሮፕላን እህልና ወታደር እያመላለሰች፣ ቻይና ደግሞ በሁለቱም በኩል ትታያለች፤ ከማን ጋር ናት? ይህንን አምጣ አለኝ።

«እኛ በማንም የውስጥ ጉዳይ አንገባም» አለ ዋንግ። «የተራበ ሰው አለ፤ ሰጠን። እኛም ተርበን እናውቃለን።» የመጨረሻውን ነገር የተናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ቄስ ዋኘው በምርኩዛቸው ተደግፈው አጠገባችን ቆመዋል። አረብኛ አይሰሙም። ተረጎምኩላቸው።

«መልካም» አሉ። «እሱን ትተህ ይህን ጠይቅልኝ። ማን አረደው?»

ይህ ጥያቄ ላላደገበት ሰው ትንሽ ይመስላል። በኛ አገር ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያን አይበላም። ሁለት ሉካንዳ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ጎረቤትህ ሲደግስ ላንተ ለብቻ የሚታረድ በግ ይሰጥሃል። ቢላዋው ሲነሣ የማን ስም ተጠራ ነው ጥያቄው። የአሜሪካ ስንዴ አይታረድም፤ የዓረቦቹ ቴምር አይታረድም። ማንም ይስጠው ማን ይበላል። አሁን የመጣው ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆነ መንግሥት ነው። አለቃዬ «ከማን ጋር ናት?» ይላል፤ ቄሱ «ማን አረደው?» ይላሉ። በዚያች ሰዓት የሁለቱ ጥያቄ አንድ ዓይነት መሰለኝ። ጥሩ ዘገባ እንደሚወጣው ታየኝ። ይህ መታየቱ ነው የጎዳኝ።

«በአገራችሁ ሥጋ ሲታረድ የማን ስም ይጠራል?» አልኩት ዋንግን።

ፈገግ አለ፤ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ቄሱን አየና ፈገግታውን ተወ። «ፋብሪካ ነው» አለ። «ማሽን ነው። የማንም ስም አይጠራም።»

ልሰናበተው ስነሣ እንደገና፣ ቆሜ፣ ጠየቅሁት። ያንኑ መለሰ። እውነቱን ነው የተናገረው። የጠየቅሁት በአገሩ ሥጋ እንዴት እንደሚታረድ ነው፤ ጣሳዎቹ ውስጥ ምን እንዳለ አልነበረም። ያንን ማንም አልጠየቀውም።

«እንዴት አለ?» አሉ ቄስ ዋኘው።

ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ላጣራ አልችልም» አሉ። «ሰዉ ይበላል አይበላም ብሎ ነገ ይጠይቀኛል። አንተ አጣርተህ በራዲዮኑ ተናገር። አንተ ባልከው እቆርጣለሁ።»

ሐሙስ መጋዘኑን እንደገና ማየት ነበረብኝ። ሐሙስ የፍስክ ቀን ነው፤ ጣሳ ሊከፈት ይችላል። ነገር ግን ከገዳሪፍ በስልክ ዘገባዬን የማነብበት ተራ የያዝኩት ለሐሙስ ነበር፤ ሄድኩ። ሰዉ ደግሞ የቄሱን ቃል እየጠበቀ ነው፤ ቄሱ የኔን ይጠብቃሉ።

ዘገባው ቅዳሜ የካቲት ሁለት ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተላለፈ። በሰፈሩ የነበረችው አንድ ራዲዮ ናት፤ ግራሩ ሥር አድርገው ሰምተውታል። ጽሑፉ አሁንም አለኝ። ሚዛኑን የጠበቀ፣ ማንንም የማይሰድብ ዘገባ ነው። ከመካከሉ ግን «በቻይና የተላከው የታሸገ ሥጋ በየትኛውም ሃይማኖት ስም ያልተባረከ መሆኑን የልዑኩ አስተርጓሚ አረጋግጠዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አለቃዬ ደውሎ «ይህ ነው ዘገባ» አለኝ። ሌላ ጊዜ አመስግኖኝ አያውቅም።

እሑድ ጧት ቄስ ዋኘው እንዳይበላ ብለው ቆረጡ። ሰዉ ጣሳውን እየያዘ መጥቶ በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ደረደረው። አንድም ሰው ሊሸጠው አልሞከረም፤ የሚገዛም አልነበረም። እማማ ጠጂቱ የራሳቸውን ሁለት ጣሳ ይዘው ራሳቸው ሄዱ ይባላል፤ ይህን አላየሁም፤ በሺር ነው የነገረኝ። ከስምንት ቀን በኋላ ሰኞ የካቲት አሥራ አንድ ቀን ሁዳዴ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ከሰላ፣ ኻርቱም፣ ናይሮቢ፣ መንግሥት ሲለወጥ አዲስ አበባ። ያቺ በአንድ ሎሪ የመጣች አገር መንገድ ስትሠራ፣ ግድብ ስትገነባ፣ የስብሰባ አዳራሽ ስታስመርቅ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ዘግቤያለሁ። ሚኒስትሮች አዲስ ዓለም መጣ ሲሉ ጽፌያለሁ፤ አሮጌው ዓለም ተመለሰ ሲሉም ጽፌያለሁ። በየመግለጫው እጄን አንሥቼ «ይህን ያዩት ራስዎ ነዎት?» እያልኩ ስጠይቅ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ካልቀመስክ ውኃ መሆኑን አታምን» አለኝ አንዱ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ኡስታዝ ኢድሪስ ብቻ ያውቁ ነበር።

ጣሳው በተከለከለ ሰሞን ኡስታዝ ኻርቱም ነበሩ። የተመለሱት የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ገዳሪፍ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ተቀበልኳቸውና አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን።

«ሐበሺ፣ የጣሳውን ነገር ኻርቱም ሆኜ ሰማሁት» አሉ። «በደንብ ተጽፏል።»

«አመሰግናለሁ ኡስታዝ።»

«የምን ሥጋ ነው? የበሬ? የበግ?»

«እሱን አላጣራሁም።»

«ቀለሙስ? ቀይ ነው ነጭ?»

«እሱንም አላጣራሁም።»

«ደብተርህን አምጣ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ገጹን ገልጠው ጣታቸውን በቀኝ በኩል ባለው ቃል ላይ አደረጉ። «ይሄ ሥጋ የሚባል ነገር ወደዚህ በየትኛው እግሩ ተሻገረ?»

«ነነዌ ነበር ኡስታዝ። ጾም ነበርኩ። በሺር ልክፈተው ሲለኝ ተው አልኩት።»

«ነነዌ መብላት ይከለክላል» አሉ። «ማየት ይከለክላል?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጫማቸውን ሳያወልቁ ተነሥተው «መኪና እንፈልግ» አሉ።

ሰፈሩ የደረስነው በማግስቱ ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጣሳዎቹ ግድግዳው ሥር እንደተደረደሩ አሉ፤ አቧራ ለብሰዋል። ኡስታዝ አንዷን አንሥተው በጀለቢያቸው ጠረጉና ለእኔ ሰጡኝ። የበሺርን ሰንጢ ለምነው እሱንም ሰጡኝ። «አንተ» አሉ።

ከፈትኩ። ዓሣ ነበር። አጠር አጠር ተደርጎ የተቆረጠ፣ ከነአጥንቱ፣ ቀይ መረቅ ውስጥ የተኛ ዓሣ። ሁለተኛ ከፈትኩ፤ ዓሣ። ኡስታዝ ከየረድፉ እያነሡ አሥራ አንድ አስከፈቱኝ። ሁሉም ዓሣ ነው። በሺር በጣቱ ነክቶ ቀመሰና «ወላሂ ሰመክ» አለ፤ ከዚያ አንዱን ጣሳ እዚያው ቆሞ ጨረሰው።

ዓሣ አይታረድም። የማንም ስም አይጠራበትም። ማንም ይበላዋል።

ቄስ ዋኘው ግራሩ ሥር ነበሩ። የተከፈተ ጣሳ ይዤ ሄድኩ። ከነገርኳቸው በኋላ ጣሳውን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ራዲዮኑ ሲናገር ቅዳሜ ነበር» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ከዚያ እስከ ቅበላው እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብን ስታወጣ ስንት የፍስክ ቀን ነበረን?»

ቆጠርኩ። «ስድስት።»

«ስድስት» አሉ። «በጾም ዓሣ የሚበላ ደብር አለ ይባላል። በኛ አገር በሁዳዴ አይቀመስም።» ጣሳውን መለሱልኝ። «ከመናገርህ በፊት ከፍተኸው ነበር?»

«አልከፈትኩም አባ።»

«ለምን?»

«ነነዌ ነበር።»

አፋቸው ጫፍ ላይ እንደ ፈገግታ ያለ ነገር መጣና ጠፋ። «ሃይማኖተኛ ጋዜጠኛ ጣለብኝ» አሉ።

ከዚያ ሰዉን አስጠሩ። «ለበሽተኛ፣ ለአራስ፣ ለሚያጠቡና ለልጆች ተፈትቷል፤ የተሳሳተው ፍርድ የኔ ነው፣ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን» አሉ። የኔን ስም አልጠሩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የልጆቹና የበሽተኞቹ ጣሳ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ አለቀ። ይህን ቆሜ አይቻለሁ።

ቄሱ የራሳቸውን ሁለት ጣሳ ይዘው ወደ ጎጇቸው ሲገቡ ተከተልኳቸው። እማማ ጠጂቱ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲቀልዱ ያየኋቸው ሴት አይመስሉም።

«ጠጂቱ፣ ዓሣ ነው» አሉ ቄሱ። «ለበሽተኛ ፈትቻለሁ።»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ቅመሺ።»

«እርስዎ ለሰፈሩ ፈቱ» አሉ እማማ ጠጂቱ። «ደግ አደረጉ። እኔ ግን ሚስትዎ ነኝ እንጂ የንስሐ ልጅዎ አይደለሁም።»

ይህ እውነት ነው። ቄስ ለገዛ ሚስቱ የነፍስ አባት አይሆንም። የእማማ ጠጂቱ የነፍስ አባት ጭልጋ የቀሩ አንድ መምህር ናቸው። ቄስ ዋኘው የሺህ ሰው ጾም ሲፈቱ የሚስታቸውን መፍታት አልቻሉም። በሰፈሩ ሌላ ቄስ አልነበረም።

«ሞት እንደ ሆነ ይፈታል» አሉ ቄሱ። «መጽሐፉ ነው።»

«ማን ነው የሞተ?» አሉ እማማ ጠጂቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የራዲዮኑ ልጅ። ያን ጊዜ ሥጋ ነው አልክ፤ ዛሬ ዓሣ ነው አልክ። በፋሲካ ደግሞ ምን ልትለው ነው?»

«ዓሣ ነው እማማ። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«ያን ጊዜ ብትነካው ምን ነበረ» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም፤ የሚቀልዱ ያህል ነው። «ግድ የለም። ለትንሣኤ ይቆይልኝ። ዓሣው እንደ ሆነ ከጣሳ ወጥቶ አይሄድም።»

ቄሱ ጣሳዎቹን ከራስጌ አስቀመጧቸው።

ያን ዕለት ማታውን አንድ የአርማጭሆ ሰው ወደ መተማ ሊሻገር ተዘጋጅቶ አገኘን። አይናዲስ ይባላል። ቄሱ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡት፤ ጭልጋ ደርሶ መምህሩን አግኝቶ የሚሉትን በቃልም በጽሑፍም ይዞ እንዲመጣ። መንገዱ ላይ ወታደር አለ። አይናዲስ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ከተተው። «አባ፣ እግሬ እስከቻለ» ብሎ ሄደ።

እኔ ማስተካከያ ጻፍኩ። አለቃዬ በስልክ ሳቀ። «ስለ ዓሣ ነው ማስተካከያ የምታስነግረኝ? ዋናው ሐሳብ አልተነካም እኮ፤ የኃያላኑ ነገር እንዳለ ነው።» ዋናው ሐሳብ ጣሳው ውስጥ ያለው ነው አልኩት። ተከራከርን። በስምንተኛው ቀን፣ በዜናው መጨረሻ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነበበ። ከኡስታዝ ኢድሪስ ጋር አብረን ሰማነው። ሲያልቅ ራዲዮውን ዘግተው ስለ ሌላ ነገር አወሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አንሥተውብኝ አያውቁም፤ አብሬያቸው ስሠራ ግን፣ መጋዘን በገባን ቁጥር፣ ሰንጢያቸውን ሳይናገሩ ያቀብሉኝ ነበር።

ዋንግን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል በር ላይ። ጣሳዎቹ ግድግዳ ሥር መቆየታቸውን ሰምቷል። «ለምን ምን እንደሆነ አልጠየቅኸኝም?» አለኝ። «ክዳኑ ላይ ተጽፏል እኮ።» እውነቱን ነው፤ ተጽፏል። በዚያ ሁሉ አገር ማንበብ የሚችሉት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም አጠገቤ ነበሩ። እኔ ስለ መንግሥታቸው ነበር የምጠይቃቸው።

ወደ ሰፈሩ በየሳምንቱ እመላለስ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ እማማ ጠጂቱ ወደ ክሊኒኩ ተወሰዱ። ነርሱ ስኳርና ጨው ያለበት ውኃ ይሰጣቸዋል፤ ውኃውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚጠጡት። ቄሱ ደጅ ተቀምጠው ከምሥራቅ የሚመጣውን መንገድ ያያሉ። «አይናዲስ እግሩ ቀላል ነው» ይሉኛል።

የክሊኒኩ መዝገብ በአረብኛ ነው የተጻፈው። ጠጂቱ፣ ዕድሜ ስድሳ ገደማ፣ ሐሙስ መጋቢት አምስት ቀን፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ምክንያቱ ድካም ይላል። ፍትሐቱን ቄስ ዋኘው ራሳቸው አደረሱ፤ በአራት ሰዓት ተፈጸመ።

አይናዲስ ሰኞ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከጭልጋ ተመለሰ። ወረቀቱን እንዳልተከፈተ መልሶ ለቄሱ ሰጣቸው። የጭልጋው መምህር ቀድሞውኑ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አርፈው ነበር።